የአባቴን ቦነቪል ላድሳት ወይስ በአዲሷ ልተካት?

የተከበራችሁ የሞተር ብስክሌት ባለሙያዎች፣

ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ በ1967 እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ 649 ሲሲ ትራያምፍ ቦነቪል ከአባቴ ወርሻለሁ። በሸዋ ሮቢት ቆላ እንደ ልቧ የምትሄደው ይህች ሞተር፣ ደብረ ሲናን አልፌ የጣርማበርን ዳገት ስያያዘው እየታፈነች ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ካንዴላዋንም ስፈታው ጥላሸት ለብሶ፣ ጣት የሚያጠቁር ሆኖ አገኘዋለሁ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍና አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅሉት ሁለቱ ካርቡሬተሮች የሚሰጡት ቤንዚን ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር እንደሚበዛ ይገባኛል።

በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣችው አዲሷ ቦነቪል ቲ120 ግን 1,200 ሲሲ ስትሆን፣ ካርቡሬተር በሚመስለው ዕቃዋ ውስጥ ያለው ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየመጠነ የሚረጭ መሣሪያ ነው። ማስመሰሉ ቅር ቢያሰኘኝም ለእኛ ዳገት እንደሚበጅ አምናለሁ። ዲስክ ፍሬንና ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ኤቢኤስም አላት፤ የእኔዋን በታምቡር ፍሬን ቁልቁለቱን ሳወርዳት ልቤ ይንጠለጠላል። ሆኖም የአባቴ መዳፍ ያለሰለሰውን መሪ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት እጅግ ይከብደኛል።

ስለዚህ የካርቡሬተሮቹን ዋና የቤንዚን ማሳለፊያ በጠባብ ብለውጠው፣ ወደ ቆላው ስመለስ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግል ይሆን? ሁለቱንም የነዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።