ኮምፒውተሩ ተነሳልኝ፣ ሪሞቱ ግን እምቢ አለ

ሰላም ልጆች፣ የአጎቴ ሱቅ ድሬ ከዚራ ነው እኔ ደሞ ሐረር ነኝ፣ ሂሳቡን የምሰራለት በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የግል መስመር) ገብቼ በሪሞት ዴስክቶፕ ነው፣ ማለትም የሱቁን ኮምፒውተር ከሩቅ ሆኜ እያዘዝኩ። የሱቁ ዴስክቶፕ 4ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5፣ ዊንዶውስ 10 ፕሮ።

ማክሰኞ መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳም አለ፣ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣና ሪስታርት ያደርጋል፣ መልሶ ሰማያዊ። ወንድሜ ጽሁፉን በስልክ ፊደል በፊደል አነበበልኝ፣ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ነው የሚለው (የምነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም እንደማለት)። ሃርድ ዲስኩ ሞተ ብዬ ስበሳጭ ዋልኩ። ቅዳሜ በሚኒባስ ወርጄ (ሙቀቱን ተዉት) ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ስገባ ሰዓቱ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል፣ ለካ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ መብራት ሲጠፋ ሴቲንጉ ሁሉ እንደ አዲስ ሆኗል፣ ሳታውም (ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ሴቲንግ) ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ተቀይሯል። አዲስ ሲአር 2032 ባትሪ አስገባሁ፣ ወደ ኤኤችሲአይ መለስኩት፣ ቀኑን አስተካከልኩ፣ በሰላም ተነሳ።

ሐረር ስመለስ ግን ሪሞቱ አልገባም አለኝ። በቪፒኤን አድራሻው ፒንግ ሳደርገው (አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው) ይመልሳል፣ ሪሞት ዴስክቶፑ በሚጠቀምበት ፖርት 3389 ላይ ግን ዝም። ወንድሜ እዛው ሱቅ ካለው ላፕቶፕ በዋይፋይ ሲሞክር ሰተት ብሎ ይገባል፣ ስለዚህ ሪሞት ዴስክቶፑ ኦን ነው ሰርቪሱም ይሰራል ማለት ነው። ቪፒኤኑን አጥፍቶ እንደገና ጫነው፣ ያው ነው። አንድ ያየነው ነገር ዋይፋዩ «ፕራይቬት» ሲል የቪፒኤኑ ኔትወርክ «ፐብሊክ» ይላል። ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን) ጭራሽ አጥፋው ልለው ፈራሁ፣ የሱቁ ሂሳብ በሙሉ እዛ ላይ ነው ያለው።

ፋየርዎሉን ሳላጠፋ 3389ን ለቪፒኤኑ ብቻ እንዴት ነው የምከፍተው?