ከድሬዳዋ ወደ ባሕር ለምትወርድ ረጅምና ቀጭን ሴት የመጥለቂያ ዕቃ ጥቆማ

ወደ ጅቡቲ ወርዳ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ለመጥለቅ የምታስብ ረጅምና ቀጭን ሴት፣ ዕቃ ከመግዛቷም ሆነ ከመከራየቷ በፊት ሜትር ይዛ ልትለካው የሚገባት ከቁመቷ ይልቅ የሰውነቷን ግንድ ነው፤ ይኸውም ከትከሻዋ ተነሥቶ በደረቷና በብሽሽቷ በኩል አልፎ፣ በጀርባዋ ወደዚያው ትከሻ የሚመለሰው ዙሪያ ነው። አከራዮችም ሆኑ ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ ቁመትና ኪሎ ብቻ ጠይቀው ልብስ ያቀርባሉ። ቁመቷ እንደ እኔ 1 ሜትር ከ80 ሆኖ ክብደቷ 60 ኪሎ የማይሞላ ሴት ግን በኪሎዋ «ስሞል»፣ በቁመቷ «ላርጅ» ናት፤ ከሁለቱ አንዱን ይሰጧታል፣ ሁለቱም አይሆኗትም።

ይህ የአለባበስ ውበት ጉዳይ አይደለም። ዌትሱት የሚባለው የኒዮፕሪን ልብስ ሙቀት የሚጠብቀው በውስጡ በታቀፋቸው ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ሲሆን፣ ሥራውን በወጉ የሚሠራው በልብሱና በቆዳው መካከል የገባችው ጥቂት ውሃ ባለችበት ስትቆይ ነው። ግንዱ ያጠረ ልብስ ትከሻን ወደ ታች እየጎተተ አንገትን ያንቃል፣ እግር በተወራጨ ቁጥርም የሞቀውን ውሃ አስወጥቶ ቀዝቃዛውን ያስገባል። ለርዝመቱ ስትል ሰፊውን የመረጠች ሴት ደግሞ በወገቧ ጎድጓዳ ላይ ውሃ ይቋጠርባታል። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 እጥፍ ያህል ሙቀት የመውሰድ አቅም ስላለው፣ ስብ የሌለው ቀጭን ሰው ከሌላው ቀድሞ ይንቀጠቀጣል። ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ጅቡቲ ዳርቻ በሚቀርቡበት ወቅት ለብዙ ሰው የ3 ሚሊ ሜትር ልብስ ይበቃዋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለምትጠልቅ ቀጭን ሴት ግን እኔ ባለ 5 ሚሊ ሜትሩን እመርጣለሁ።

ስለ ኪራይ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። የአየር ሲሊንደር፣ ጠላቂን ወደ ታች የሚያወርደው የእርሳስ ክብደትና አየሩን ከሲሊንደሩ ወደ አፍ የሚያደርሰው ሬጉሌተር ከሰውነት ልክ ጋር እምብዛም ስለማይገናኙ እዚያው ጅቡቲ መከራየት ያዋጣል፤ ሲሊንደር ተሸክሞ በባቡር መጓዝም የሚታሰብ አይደለም። ልብስ፣ ማስክና የእግር መቅዘፊያ ግን የራስ ቢሆኑ ይመረጣል። አንድ አስጠላቂ ድርጅት «ለቁመትሽ ይህ ነው» ብሎ የሰጠኝ የወንድ ልብስ እጅጌው ልክ ሆኖ ሳለ ደረቱና ወገቡ እንደ ከረጢት ተነፍቶብኝ ነበር። በዚያ ላይ የኪራይ ልብስ በብዙ ጥልቀት ተጨምቆ የቆየ በመሆኑ ውፍረቱ በጽሑፍ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆንም በእጅ ሲዳሰስ ከዚያ ያነሰ ሆኖ ይገኛል።

ለመግዛት የድሬዳዋ ሰው የለመደው መንገድ ዱባይ ያለ ዘመድ ወይም ተመላላሽ ነጋዴ ነው፤ ለዚህም ዕቃ ሁነኛው መንገድ እርሱው ነው። የስፖርት ዕቃ ሻጩ ዲካትሎን የራሱን ሱቢያ የተባለ ምርት ይሸጣል፤ ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል፣ ለመጀመሪያ ልብስም መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ለመካከለኛ ቁመት የተቆረጠ ነው። ክሬሲና ማሬስ የተባሉት የጣሊያን ምርቶች ቀጠን ላለ ሰውነት ይስማማሉ፤ ሆኖም መደበኛ ልካቸው ግንዷ ለረዘመ ሴት ሲያጥር አይቻለሁ። ከታወቁት ውስጥ ለረጃጅም ሴቶች የተለየ ልክ የሚያወጣው ቤር ነው፤ ከቁጥሩ ጎን «ቶል» የሚል ቃል ያለበት ልብስ ወርዱ እንደ መደበኛው ሆኖ እጅጌው፣ እግሩና ግንዱ ይረዝማል። ነጋዴው «ቁጥሩ አንድ ነው» ብሎ መደበኛውን እንዳያመጣ ይህን ቃል በጽሑፍ ልኮ ማስረገጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የምመክረው ግን ባለ ሁለት ክፍሉን ልብስ ነው፤ ሱሪውና ጃኬቱ ለየብቻ ስለሆኑ ከላይ አንድ ቁጥር፣ ከታች ሌላ ቁጥር መምረጥ ይቻላል፣ የግንዱም ችግር በአመዛኙ ይፈታል። በወገብ ላይ ሁለቱ ስለሚደራረቡ ያ ቦታ እጥፍ ይሸፈናል። ለመልበስ ያስቸግራል፤ ተንሳፋፊነቱ ስለሚጨምርም ጥቂት ተጨማሪ እርሳስ ይጠይቃል። አቅሟ የሚፈቅድላት ደግሞ በልክ ብታሰፋ ከዚህ ሁሉ ትድናለች፤ የጣሊያኑ ኤሊዮስና የኒውዚላንዱ ሰቨንዝዌቭ ልኬት ተቀብለው የሚሰፉ ናቸው። ልኬቱን ራስ በራስ መውሰድ አይቻልም። ሌላ ሰው፣ ከተቻለም ሙያተኛ ልብስ ሰፊ፣ ሜትሩን ሳያላላና ሳያስጨንቅ ሁለት ጊዜ ለክቶ ቢጽፈው ይሻላል።

እዚህ ላይ የሐረሩ «መኪና ግርግር» የተባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ይመጣል። ከጀጎል ውስጥ በዚያ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ሰፊዎች ለአንዱ ወገቡ የሰፋብኝን ዌትሱት ባሳየሁት ጊዜ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ ሳበው፣ ለቀቀው፣ ጠርዙን ገልብጦ ስፌቱን በጥፍሩ ፈተገ፣ ከዚያም «ይህ እኮ ጎማ ነው፤ መርፌዬ ካለፈበት ውሃው በመርፌዬ ቀዳዳ ይገባል» አለኝ። ፍጹም ትክክል ነበር። ጥራት ያለው ዌትሱት መጀመሪያ በማጣበቂያ ከተያያዘ በኋላ መርፌው እስከ ውፍረቱ ግማሽ ድረስ ብቻ ገብቶ እንዲመለስ ተደርጎ ይሰፋል፤ ተራው የሲንጀር መኪና ይህን አያደርግም። ስለዚህ ወገብ ማጥበብ የፈለገች ሴት ትርፉን በስለታም ምላጭ አስቆርጣ፣ ለኒዮፕሪን ተብሎ የተሠራውን ማጣበቂያ ይዛ ወደ ሠለጠነ ጫማ ሠሪ ብትሄድ ይበልጥ ይቀናታል። ጫማ ሠሪ ማስቲሽ ቀብቶ፣ እስኪጠነፍፍ ጠብቆ፣ ደግሞ ቀብቶ መጫንን ከማንም በላይ ያውቃል፤ የዚህም ሥራ ያው ነው። ርዝመት ግን ማንም አይጨምርላትም፤ በመሆኑም ግዢው በርዝመት ይወሰን፣ ስፋቱ ኋላ ይቀነሳል።

የሐረር ሰፊዎች በሚገባ የሚሠሩት ከዌትሱቱ ሥር የሚለበሰውን የላይክራ ልብስ ነው። ኦቨርሎክና ዚግዛግ መኪና ያለው ሰፊ፣ በአራቱም አቅጣጫ የሚሳብ ጨርቅ ከቀረበለት፣ እጅጌው እስከ አንጓ፣ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ልብስ በልክ ይሰፋል፤ ለጠባብ ዌትሱት ማንሸራተቻም ይሆናል። ጨርቁን በድሬዳዋ አሸዋ ገበያ መፈለግ ይቻላል፤ ከመግዛት በፊት በርዝመቱም በወርዱም ስቦ ማየት ነው። በነገራችን ላይ የተቀደደ ልብስ ይዞ ከባሕር በቀጥታ ወደ ሐረር መገስገስ አይገባም፤ ድሬዳዋ ራሷ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር፣ ደንገጎን ወጥተን የምናገኛት ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚሉና ከመጥለቅ በኋላ ወዲያው ከፍታ ላይ መውጣት በሰውነት ውስጥ በቀረው ጋዝ የተነሣ አደገኛ ስለሆነ፣ ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ከአውሮፕላን በረራ በፊት እንዲቆይ የሚመከረውን ቢያንስ 18 ሰዓት እዚያው ጅቡቲ ቢያርፍ ይበጃል።

ቢሲዲ የሚባለውን በአየር የሚሞላ ጃኬት በተመለከተ ምርጫዬ ግልጽ ነው። ትንሹ ጃኬት በረጅም ሴት ላይ ብብት ሥር ተሰቅሎ የሆድ ማሰሪያው የጎድን አጥንት ላይ ያርፋል፤ ትልቁ ደግሞ ውሃው ላይ ሲነፋ ወደ ጆሮ ይወጣል። ስኩባፕሮ የተባለው አምራች «ሃይድሮስ ፕሮ» በተባለው ሞዴሉ የሴት ቅርጽ ያለው ስላወጣ ከተራው ጃኬት በእጅጉ ይሻላል። ሆኖም ጀርባ ላይ የሚውል የብረት ሰሌዳ፣ አንድ ወጥ የናይለን ማሰሪያና ከኋላ የሚነፋ ከረጢት ያለው ዓይነት ማሰሪያው በማንኛውም ግንድ ልክ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር የልክ ጥያቄ አያስነሣም፤ በብሽሽት በኩል የሚያልፈው ማሰሪያም ወደ ላይ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። የአሉሚኒየሙ ሰሌዳ ለጉዞ ቀላል ነው። የማይዝገው ብረት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ያንኑ ያህል እርሳስ ከወገብ ላይ ይቀንሳል፤ ዳሌዋ ቀጭን ሆኖ የእርሳስ ቀበቶ ለሚሾልክባት ሴት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ማሰሪያው ቢያረጅ በገበያ የሚሸጠውን ለስላሳ የዕቃ ማሰሪያ መተካት አይገባም፤ ከረጠበ በኋላ በዘለበቱ ውስጥ ይንሸራተታል።

ለመቅዘፊያ፣ እግሯ ረጅምና ቀጭን የሆነች ሴት እንደ ጫማ የሚጠለቀውን ትታ፣ ተረከዙ ክፍት የሆነውን ከኒዮፕሪን ቦቲ ጋር ትግዛ። ማስክን ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ሱቆች መግዛት አልመክርም፤ እዚያ የሚገኘው በአመዛኙ ለገንዳ መዋኛ የሚሆን የፕላስቲክ መነጽር ነው፤ አፍንጫን የማይሸፍን መነጽር ደግሞ በጥልቀት የሚፈጠረውን ግፊት ማመጣጠን ስለማያስችል ዓይንን ይጎዳል። ትክክለኛው ማስክ መስታወቱ በሙቀት የጠነከረ፣ ጠርዙ ሲሊኮን ነው። ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ አስጠግቶ በአፍንጫ ትንሽ አየር ሲስቡት ሳይወድቅ መቆየት አለበት፤ ፊታቸው ጠባብ የሆኑ ሴቶች ጉንጫቸው አካባቢ ክፍተት አለመኖሩን በመስታወት ይዩ።

የተገዛውን ልብስ ይዞ ጅቡቲ ከመድረስ በፊት ገንዳ ባለው የድሬዳዋ ሆቴል መሞከር ያስፈልጋል፤ ቁጭ ብድግ ብላ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ዋኝታ ውሃ የሚገባበትን ቦታ ትለይ፣ ከወጣችም በኋላ ክሎሪኑን በንጹሕ ውሃ ታለቅልቀው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይም ሆነ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ኒዮፕሪንን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ለኅዳር ያቀደች ሴት ልኬቷን ከነሐሴ ሳታሳልፍ ብትልክ፣ የመጣው ልብስ ባይሆናት እንኳ በነጋዴው እጅ መልሳ ለማስቀየር ጊዜ ይኖራታል።