የሩቅ አገር ዜማ በኦርኬስትራ፦ እውነት ከዚያው የመጣ ነው ወይስ ፈጠራ?

የማታ አድማጭ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ቀለል ያሉ የኦርኬስትራ ሥራዎች ሱስ ሆነውብኛል። ያው ስማቸው ራሱ አገር ለአገር የሚያዞር ዓይነት፤ «በፋርስ ገበያ»፣ «የካውካሰስ ሥዕሎች»፣ «የስፔን ካፕሪቾ» (ካፕሪቾ ማለት ነፃ ቅርጽ ያለው ቀልጣፋ ሥራ ነው) ምናምን። ጆሮ አያስቸግሩም፣ ደስ ይላሉ። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ዜማዎቹ በእርግጥ ሕዝቡ የሚዘፍናቸው ናቸው ወይስ አቀናባሪው ቤቱ ቁጭ ብሎ «ምሥራቅ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» እያለ የፈበረካቸው? ፈጠራ ከሆኑስ መስማቱ ትንሽ አያሳፍርም?

ሁለተኛ ቫዮሊን፦
ሁለቱም አለ። «በፋርስ ገበያ»ን እንግሊዛዊው አልበርት ኬቴልቢ በ1920 ነው የጻፈው፤ እሱ ለይቶለት ቲያትር ነው። ግመል ነጂዎች ከሩቅ ይመጣሉ፣ ለማኞች «ባክሺሽ» (ምጽዋት) እያሉ ይዘፍናሉ፣ ልዕልቲቱ ትገባለች፣ እባብ አጫዋች አለ፣ ኸሊፋው ያልፋል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየመጣበት። የፋርስ ሙዚቃ ልማርበት ካልክ ተሸውደሃል፤ ልዝናና ካልክ ግን አንደኛ ነው።

የካውካሰሱ ሌላ ነው። ሩሲያዊው ኢፖሊቶቭ-ኢቫኖቭ የጆርጂያ ከተማ ትብሊሲ ውስጥ ለዓመታት ኖሮ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መርቶ፣ የጆርጂያን ሕዝብ ዜማ አጥንቶ ነው በ1894 የጻፈው። ፈረንሳዊው ሻብሪዬም በ1882 ስፔንን ዞሮ የሰማውን የጭፈራ ምት ሁሉ ማስታወሻው ላይ ሲቸከችክ ከረመ። በዓመቱ «ኤስፓኛ» ወጣች። እኔ ሄዶ የሰማ ሰው ሥራው ያስታውቃል ባይ ነኝ።

ነጠላ ኖታ፦
አይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። መሄድ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ሩሲያዊው ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ የስፔኑን ካፕሪቾ በ1887 ሲጽፍ ዜማዎቹን ያገኘው ከመጽሐፍ ነው፤ ሆሴ ኢንዜንጋ የሚባል ስፔናዊ ከሰበሰበው። ግን ስማው እስቲ! መጀመሪያ ላይ ክላሪኔት የሚጫወተው ብቸኛ ድርሻ አለ፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ያው ዜማ ሲመለስ ክላሪኔቱና ቫዮሊኑ ድርሻ ይለዋወጣሉ። ያው ዜማ ነው፣ ግን ሌላ ሰው የሚያወራ ነው የሚመስለው። ልምምድ ላይ የኦርኬስትራው ሙዚቀኞች ማጨብጨብ አላቆም ብለው ሥራውን ለእነሱ አበረከተላቸው። ጀርመናዊው አቀናባሪ ብራምስ ደግሞ የሃንጋሪ ዳንስ ቁጥር 5ን የሕዝብ ዜማ መስሎት ነው የወሰደው፤ ለካ ኬለር ቤላ የሚባል ሰው ድርሰት ነበር። ታዲያ ማን ተጎዳ? ዛሬም ያለ እሱ ኮንሰርት የለም።

ሩብ ድምፅ፦
የማታ አድማጭ፣ «ያሳፍራል ወይ» ላልከው የእኔ ቅሬታ ሌላ ቦታ ነው። ለብዙዎቹ አቀናባሪዎች ከሞሮኮ እስከ ሕንድ ያለው ሁሉ አንድ አገር ነው። ኦቦ (የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ)፣ ታምቡሪን (ቃጭል ያለው ትንሽ ከበሮ)፣ ከዚያ ያቺ በሁለት ኖታ መሃል ሰፋ ያለች ዝላይ፤ በቃ «ምሥራቅ» ተባለ። የአረብና የፋርስ ዜማ ግን ከግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ሁለት ጎረቤት ቁልፎች መሃል ካለው ርቀት) ያነሱ ልዩነቶች አሉት፣ ዘፋኙም የሚጫወተው በእነሱ ነው። ኦርኬስትራው ወደ ቅርቡ ኖታ ያጠጋጋቸዋል። ዜማው ትክክል ተወስዶ እንኳ ጣዕሙ የሚጠፋው ለዚህ ነው፣ አቀናባሪው ስለዋሸ አይደለም። እንግሊዛዊውን አቀናባሪ ሆልስትን ስማው፣ በ1908 አልጄሪያ ሄዶ ነበር። «ቤኒ ሞራ» የሚለው ሥራው መጨረሻ ክፍል ላይ ፍሉት አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ከመቶ ጊዜ በላይ ይደጋግማታል። ማስዋቡን ትቶ ድግግሞሹን ወሰደ። ለእኔ ከዜማው ይልቅ እሱ ነው የቦታው።

የማታ አድማጭ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ክርክሩ ራሱ ተመቸኝ። ታዲያ አንድ ብቻ ምረጡልኝ ብላችሁስ?

ሁለተኛ ቫዮሊን፦
ሩሲያዊው ቦሮዲን፣ «በመካከለኛው እስያ ሜዳ»፣ 1880። ሰባት ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው። ቫዮሊኖቹ ከላይ አንዲት ቀጭን ድምፅ ይዘው ይቆያሉ፣ ሜዳው እሱ ነው። የሩሲያ ዜማ ይመጣል፣ ቀጥሎ የምሥራቁ በኢንግሊሽ ሆርን፣ ማለትም ድምፁ ወፈር ባለ የኦቦ ዘመድ። ከሥር ገመዱን በቀስት ሳይሆን በጣት እየነኩ ሜዳውን የሚያቋርጡትን የነጋዴ ግመሎችና ፈረሶች ኮቴ ያሰማሉ። ወደ መጨረሻው ሁለቱ ዜማዎች አንድ ላይ ይነባበራሉ፣ እዚያች ላይ ጆሮህን ጣል አድርግ። ፈጠን አድርገው የሚጫወቱት ቅጂ ካጋጠመህ ዝለለው፣ ጭነት የያዘ ግመል አይሮጥም።

ነጠላ ኖታ፦
በዚህ እንኳ ተስማማን 😄 ስልክ ላይ ግን አትስማው፣ የመጀመሪያው ደቂቃ ጭራሽ አይሰማህም።