ከሶኬት ተነቅሎ ሩብ ሰዓት የቆየ የቲዩብ አምፕሊፋየር እንዴት ይነዝራል?

የጉለሌው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከስምንት ወር በፊት የጀመርኩት፣ በቲዩብ (እንደ ድሮ ራዲዮ፣ አምፖል በሚመስሉ የብርጭቆ ክፍሎች) የሚሠራ የሄድፎን አምፕሊፋየር ባለፈው ሳምንት ድምፅ ሰጠ። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከፊት 12ኤዩ7 የምትባል አንድ ቲዩብ፣ ከኋላ 6080 የምትባል ሌላ ቲዩብ። የኋለኛዋን ምናለሽ ተራ ከአሮጌ መሣሪያ ውስጥ ነው ያገኘኋት። በትክክል ለመናገር የሩሲያ ሥሪት የሆነችው አቻዋ፣ 6ኤን13ኤስ ናት። የድምፅ መውጫ ትራንስፎርመር የለም። ድምፁ ከካቶዷ (ኤሌክትሮን ከምትለቀው የቲዩቧ ክፍል) ተነስቶ በ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ በሚያከማች ክፍል) አልፎ ሄድፎኑ ጋ ይደርሳል። የፓወር ትራንስፎርመሩን መርካቶ አስጠቀለልኩ፤ 220 ይገባል፣ በአንድ በኩል 150 ቮልት፣ በሌላ በኩል ለቲዩቦቹ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ይወጣል። 150ው ወደ ዲሲ በሚቀይሩት አራት ዳዮዶች አልፎ፣ ሁለት ባለ 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮችን ሲሞላ 212 ቮልት ይሆናል።

ሄድፎኑ ባለ 300 ኦሙ ዘንሃይዘር ኤችዲ 600 ነው። እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። የመጀመሪያ ቀን ማታ ከአባቴ ሸክላ የቀዳሁትን የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ከፈትኩ። ከመዝፈኑ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁት። ያንን ሸክላ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ያንን ትንፋሽ ግን ሰምቼው አላውቅም።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። እሑድ ከሰዓት ቮልቴጁን ለካሁና ከሶኬት ነቀልኩት። ቡና ተጠርቼ ወጣሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ተመለስኩና አንዱን ሽቦ ላስተካክል እጄን ስሰድ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። እጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ አደረ። ከዚያ በፊት እኮ አጥፍቼ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ ስንት ጊዜ ነክቼዋለሁ! ምንም አላደረገኝም። የዚያን ቀን ምን ተለየ?

ሌላም አለ። ሄድፎኑን ስሰካ «ጧ» ይላል። ከበስተጀርባም ቀጭን ጉምጉምታ አለ። የእህቴን ባለ 32 ኦም ሄድፎን ስሞክር ደግሞ ቤዙ ይጠፋል።

ራዲዮ ሠሪው፦

እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ ልጄ። ሌላውን ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር መልስልኝ። የዚያን ቀን ቲዩቦቹ መቀመጫቸው ላይ ነበሩ ወይስ ነቅለሃቸዋል?

የጉለሌው፦

ነቅያቸው ነበር ጋሼ። ያለ ጭነት ስንት ቮልት እንደሚሆን ለማየት ብዬ ነው። እንዴት አወቁ?

ራዲዮ ሠሪው፦

ከሠላሳ ዓመት በላይ ራዲዮ ጠግኛለሁ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ነግሮኛል፤ በእኔም ደርሷል።

በሌላው ቀን ስታጠፋው ቲዩቦቹ ገና ትኩስ ናቸው። ካቶዱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ኤሌክትሮን መልቀቁን አያቆምም። ስለዚህ ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው ኃይል በቲዩቦቹ በኩል በጥቂት ሰከንድ ይፈሳል። አንተ «አጥፍቼ ነካሁት፣ ምንም የለውም» ያልከው ለዚህ ነው። ሲያድኑህ የነበሩት ቲዩቦቹ ናቸው። እሑድ ዕለት ነቀልካቸው፤ ኃይሉ የሚወጣበት መንገድ ጠፋ። ጥሩ ካፓሲተር ደግሞ የያዘውን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቀመጣል። ሩብ ሰዓት ምንም ማለት አይደለም።

ምን ያህል እንደያዘ ላስላልህ። ሁለቱ አንድ ላይ 440 ማይክሮፋራድ ናቸው። በ212 ቮልት ወደ 10 ጁል ይመጣል። ያ ኃይል በአንድ እጅህ ገብቶ በሌላው ቢወጣ መንገዱ በደረትህ ነው። የዚያን ቀን ሌላው እጅህ ቻሲሱን (የአምፕሊፋየሩን የብረት አካል) ይዞ ቢሆን ኖሮ ምን ሊከተል እንደሚችል ማሰብ ያስፈራኛል። ሥራ ያስተማረኝ ሰው ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ሳልከት ክፍት ራዲዮ እንድነካ አይፈቅድልኝም ነበር። አንተም ዛሬውኑ ልመድ።

አሁን የምታደርገው ይህ ነው። ሁለት ባለ 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ግዛ፤ ባለ 2 ዋት ይሁኑ። በእያንዳንዱ ካፓሲተር እግሮች ላይ አንዳንዱን በይድ። ሁለት የሆኑበት ምክንያት አለው። አንዱ ቢቃጠል ወይም ብየዳው ቢለቅ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ቲዩብ ባይኖርም እንኳ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ከ10 ቮልት በታች ይወርዳል። ቢሆንም ሬዚስተሩን አምነህ እጅህን አትስደድ። ሁልጊዜ በቴስተር ለካ፤ ቴስተሩ እስከ 600 ቮልት ዲሲ የሚችል ይሁን። ለክተህ ዜሮ አካባቢ ሲሆን ብቻ ንካ።

«ጧ» ያልከኝን ቀላል አድርገህ አትየው። ካቶዷ 100 ቮልት አካባቢ ላይ ነው የምትቀመጠው። ከዚያ ቮልቴጅና ከጆሮህ መካከል ያለው መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር ብቻ ነው። ከመሰኪያው በኩል ወደ ግራውንድ የሚወስድ ሬዚስተር ከሌለ፣ ሄድፎኑን በሰካህ ቁጥር ያ ካፓሲተር በሄድፎኑ በኩል ነው የሚሞላው። «ጧ» የሚለው እሱ ነው። በየቻናሉ 2 ኪሎ ኦም አካባቢ ሬዚስተር ከመሰኪያው ወደ ግራውንድ አስገባ። አብርተህ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቅና ስካ። ከማጥፋትህ በፊት ንቀል። አዲስ ነገር በሠራህ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ መሰኪያው ላይ ያለውን ዲሲ ለካ። ጥቂት ሚሊቮልት መሆን አለበት። ቮልት ካየህ ካፓሲተሩ እያሾለከ ነውና ቀይረው።

ብረቱ ቻሲስ ግራውንድ ተደርጓል? ፊውዝስ አለው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጋሼ የነገሩት ሁሉ ልክ ነው። እኔም ይህንኑ ዓይነት ሠርቻለሁና ስለ ጉምጉምታው ልጨምር።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ድምፁን ለይ። ስልክህ ላይ የድምፅ ፍሪኩዌንሲ የሚያሳይ አፕ ጫን። አገር ቤት መብራቱ 50 ኸርዝ ነው። 100 ኸርዝ ላይ ጎልቶ ከታየህ ከዳዮዶቹ በኋላ የቀረ ሞገድ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ ካፓሲተሮች መካከል ያለውን ሬዚስተር በቾክ (በብረት ላይ በተጠቀለለ ሽቦ) ብትተካው በጣም ይቀንሳል። 50 ላይ ከታየህ ግን የማሞቂያውን ሽቦ ጠርጥር። እዚህ አሜሪካ 60 ስለሆነ እኔ 60 እና 120 ነበር የምፈልገው።

የእኔ ችግር ማሞቂያው ነበር። ሽቦዎቹን እንደ ሹሩባ ጠበቅ አድርጌ ጠመዝኳቸውና ወደ ቻሲሱ ጥግ አስጠጋኋቸው። ግማሹ ጉምጉምታ ያኔውኑ ሄደ። ከዚያ ከ6.3 ቮልቱ ሁለት ጫፎች አንዳንድ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ሰጠሁት። የቀረውም ሄደ።

ቤዙ የጠፋው በስሌት ነው። 100 ማይክሮፋራድ በ300 ኦም ድምፁን መቀነስ የሚጀምረው ከ5 ኸርዝ አካባቢ በታች ነው፤ ጆሮም አይሰማውም። በ32 ኦም ግን ከ50 ኸርዝ ይጀምራል። ክራሩ ይሰማሃል፤ ከበሮው ግን ይሳሳል። ይህ አሠራር ከመጀመሪያውም ለከፍተኛ ኦም ሄድፎን የታሰበ ነው። በእሱ አትድከም።

የጉለሌው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ፊውዝ አለው ጋሼ። ግራውንድ ግን የለውም። የተከራየሁት ቤት ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ከኋላው ግን የግራውንድ ሽቦ የለም። ትላንት ፈትቼ አየሁት።

ራዲዮ ሠሪው፦

እንግዲያው እዚያ ቤት አታብራው። የትራንስፎርመሩ ጥቅል ተበላሽቶ ቻሲሱን ቢነካ ፊውዙ የሚቃጠለው ግራውንድ ሲኖር ነው። ከሌለ መንገዱ አንተ ነህ። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ ግራውንድ አስቀብር። ቤቱ የኪራይ ቢሆንም አከራይህን አስረዳ፤ ለእነሱም ደህንነት ነው። እስከዚያ ግራውንድ ያለበት የሰው ወርክሾፕ ውስጥ ሞክረው።

የጉለሌው፦

ከአምስት ቀን በኋላ ነው የምጽፈው። ጓደኛዬ ወርክሾፕ ወስጄ ሁሉንም እንዳላችሁኝ አደረግኩ።

ቲዩቦቹን ነቅዬ፣ አብርቼ፣ አጥፍቼ ሰዓት ያዝኩ። ከ212 ተነስቶ በሁለት ደቂቃ ከ40 ሰከንድ 9 ቮልት ላይ ደረሰ። ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። መሰኪያው ላይ ዲሲው በግራ 3፣ በቀኝ 4 ሚሊቮልት ነው። «ጧ» የለም። ጉምጉምታው የማሞቂያው ነበር፤ ሽቦውን ከጠመዝኩት ወዲህ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቼም አይሰማኝም።

አከራዬ እማማ ግራውንዱን ግማሽ እኔ እከፍላለሁ ብለዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ቅዳሜ ይመጣል። አምፕሊፋየሩ እስከዚያ ወርክሾፑ ውስጥ ተቀምጧል።