የአባቴ ያልተሰራ የነዳጅ ማደያ ፕላን፣ ፓልም ስፕሪንግስ ካለው ጋር ቁርጥ አንድ ነው

የካዛንቺሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በንጉሡ ጊዜ ሜክሲኮ አካባቢ የነበረ አንድ ቢሮ ውስጥ ድራፍትማን፣ ማለት የህንፃ ፕላን የሚስል ሰው ነበር። ከካዛንቺስ ስንነሳ እቃ ስናወጣ ከአልጋው ስር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ፣ ውስጡ በክር የታሰሩ የትሬሲንግ ወረቀት (ፕላን የሚሳልበት ስስ ወረቀት) ጥቅሎች። አብዛኛው የመኖሪያ ቤት ፕላን ነው አንዱ ግን አስደነገጠኝ፣ የነዳጅ ማደያ ነው፣ "አዋሽ መንገድ" ይላል፣ ጣሪያው ሊነሳ ክንፉን የዘረጋ አሞራ ነው የሚመስለው ሁለት ጫፉ ወደ ላይ ሁለቱ ወደ ታች፣ ከስሩ ሁለት ፓምፕ እና አንዲት መኪና አለች፣ መኪናዋን የጎማዋን ብሎን ሳይቀር ነው የሳላት። ጥግ ላይ በእጁ ጽሁፍ ጥር 1958 ይላል። እናቴን ስጠይቃት "እሱ አልተሰራም፣ ገንዘብ የለም አሏቸው" አለችኝ በቃ።

ከዛ ኢንተርኔት ላይ ሳገላብጥ ፓልም ስፕሪንግስ የሚባል አሜሪካ በረሃ ላይ ያለ የመዝናኛ ከተማ ውስጥ ቁርጥ እሱን የመሰለ ማደያ አገኘሁ፣ እሱ ግን የተሰራው 1965 ነው ይላል። አባቴ ሰባት አመት ቀድሟቸው ነው እንዴ? ስታይሉስ ምን ይባላል? ወረቀቱንስ ምን ላድርገው፣ ጠርዙ ሲነካ እየተሰበረ ነው።

ኤም አርክ፦
እህቴ መጀመሪያ አቆጣጠሩን እናስተካክል፣ ጥር 1958 በፈረንጅ 1966 መጀመሪያ ነው። ስለዚ ቀድሟቸው ሳይሆን አብሯቸው ነው፣ እና እኔን ይሄ ነው የበለጠ የገረመኝ፣ ሁለት ሞቃት መንገድ ላይ በአንድ ሰሞን አንድ አይነት ጣሪያ መታሰቡ።

ያየሽው የአርክቴክቶቹ የአልበርት ፍሬይ እና የሮብሰን ቼምበርስ ስራ ነው። ፍሬይ ስዊዘርላንድ ተወልዶ ፓሪስ ታዋቂው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ጋ ሰርቶ በኋላ እዛ በረሃ ውስጥ የቀረ ሰው ነው። በፈረንጅ 1964 የሰራውን የራሱን ቤት ፎቶ ፈልገሽ እዪው፣ ተራራው ላይ ትልቅ ቋጥኝ ነበር፣ ቋጥኙን አላነሳውም፣ መስታወቱን በድንጋዩ ቅርፅ አስቆርጦ ገጠመውና ድንጋዩ ግማሹ ውጪ ግማሹ ቤት ውስጥ ሆነ። ማደያው ደሞ ሊፈርስ ደርሶ ነው የተረፈው፣ ከፈረንጅ 2003 ጀምሮ የከተማው እንግዳ መቀበያ ነው።

ያልተሰራ እዛም ሞልቷል። ዶናልድ ዌክስለር የሚባለው አርክቴክት ከብረት የሚገጣጠሙ 38 ቤቶች ነድፎ 7 ብቻ ናቸው የቆሙት፣ የብረት ዋጋ ጨመረና ቀረ። ስታይሉን ስፔስ ኤጅ ይሉታል፣ ሮኬትና ጄት የሁሉንም ሰው ልብ የሰረቀበት ዘመን ነበር።

ጋሽ ለገሃር፦
ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። እኔ በግንባታ 40 አመት ቆይቻለሁና ስለ ጣሪያው ልንገርሽ። ያ ቅርፅ የፈረስ ኮርቻ ነው። ስታይው ጎባጣ ነው፣ አርማታ ሊሞላበት የሚደረደረው ጣውላ ግን አንድም ጎባጣ የለበትም፣ አራቱን ጠርዝ አጥብቀሽ ሁለት ጫፍ ከፍ ሁለት ጫፍ ዝቅ ካደረግሽ በኋላ ቀጥ ያለ ጣውላ ከጠርዝ ጠርዝ ስትደረድሪ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እያዘነበለ ይሄድና ኮርቻው ራሱ ይወጣል። ስለዚህ በባህር ዛፍ አጣና እና በጎበዝ አናጢ ይሰራ ነበር፣ የማይሆን ህልም አልነበረም። ስስ አርማታ ስለሚበቃውም ሲሚንቶ ይቆጥባል።

ደግሞ አባትሽ ብቻውን አልነበረም። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ አፍሪካ አዳራሽን በፈረንጅ 1961 አስመርቋል፣ ብሔራዊ ቴአትር ጋ ቆመሽ ክቡን ባንክ እዪው፣ የፈረንሳዊው የሄንሪ ሾሜት ነው። ሁሉንም ፈረንጅ ሰራው የሚለው ወሬ ግን ያናድደኛል፣ ፍልውሃን እና የውጭ ጉዳይን ህንፃ ከዛልማን ኤናቭ ጋር የነደፈው ሚካኤል ቴድሮስ ኢትዮጵያዊ ነው። ፕላኑን መስመር በመስመር የሚስሉት እንደ አባትሽ ያሉ ልጆች ነበሩ፣ ስማቸውን የሚያነሳ የለም።

ቅዳሜ ፒያሳ፦
እኔ ደሞ ከላስ ቬጋስ አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም ከሳጥኑ ጋር ይገናኛል። ፖል ዊልያምስ የሚባል ጥቁር አርክቴክት ነበር፣ ነጭ ደንበኞቹ አጠገቡ መቀመጥ ስለሚከብዳቸው ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ለነሱ እንዲታይ ገልብጦ መሳል ተማረ፣ አስቡት እስቲ ተገልብጦ! በፈረንጅ 1961 ላስ ቬጋስ ውስጥ ላ ኮንቻ የሚባል ሞቴል ሰራ፣ የመግቢያው ጣሪያ የዛጎል ቅርፅ ያለው አርማታ ነው። ሞቴሉ ሲፈርስ መግቢያውን ስምንት ቦታ ቆርጠው በ2006 ወደ ሌላ ቦታ አጓጓዙትና መልሰው ገጠሙት፣ አሁን የኒዮን ሙዚየም (የድሮ የመብራት ማስታወቂያዎች ሙዚየም) መግቢያ ነው። ለዛው ከተማ በአየር ላይ ሀዲድ የሚሄድ ባቡርም ነድፎ ነበር፣ እሱ ሳይሰራ ቀረ።

ዋናው ነገር፣ ሰነዶቹ በ1992ቱ የሎስ አንጀለስ ረብሻ ባንክ ውስጥ ተቃጠሉ ተብሎ ነበር፣ ለካ ወደ 35,000 የሚጠጋ ፕላን የልጅ ልጁ ጋ ተቀምጦ ኖሯል፣ በፈረንጅ 2020 ጌቲ የሚባለው የሎስ አንጀለስ የኪነጥበብ ተቋም እና አንድ ዩኒቨርሲቲ ተረከቡት። ቤተሰብ ነው ያተረፈው። ስለዚ እባክሽ እንዳትጥዪው።

ኤም አርክ፦
ስለ ወረቀቱ፣ የደረቀውን ጥቅል በጉልበት አትፍቺው፣ ፕላስተር በፍፁም እንዳትለጥፊበት፣ ላሚኔትም (በፕላስቲክ ማሸግ) እንዳታስደርጊ፣ አንዴ ከተደረገ አይመለስም። የተፈታውን ቀጥታ ፀሀይ በማይመታው ቦታ አንጥፈሽ ከላይ ፎቶ አንሺ፣ ከዛ ወፈር ያለ ቱቦ ላይ ከውጪ ጠቅልይው፣ ቱቦው ውስጥ ከከተትሽው ስታወጪው ይቀደዳል። ወለል ላይ እንዳታስቀምጪው፣ ክረምት እየመጣ ነው። ልደታ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ጋ ወይ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብት) ሄደሽ አማክሪ፣ ኦሪጅናሉን ግን አይተሽ ሳትጨርሺ ለማንም አትስጪ።

የካዛንቺሷ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ የእርስዎን ለእናቴ አነበብኩላት አለቀሰች። ዛሬ በረንዳ ላይ አንጥፌ ፎቶ ሳነሳ በአይኔ ያላየሁትን ስልኩ አሳየኝ፣ በእርሳስ በጣም ቀጭን የነጠብጣብ መስመር አለ፣ ከዝቅተኛው ጫፍ ተነስቶ ፓምፖቹን አልፎ መኪናዋ ላይ ይደርሳል፣ አጠገቡ "ጥላ፣ 9 ሰዓት" ብሎ ጽፏል። ጋሼ፣ ዝቅ ያለው ጫፍ ወደ ምዕራብ ነው የዞረው፣ ለከሰዓቱ ፀሀይ ብሎ ነው አይደል? ሌሎች አራት ጥቅሎች ገና አልፈታሁም።