«ተመልካች» ማለት ዓይን አለመሆኑን እንዴት ላስረዳ?

አንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልዩ አንጻራዊነት (የአንስታይን የጊዜና የቦታ ንድፈ ሐሳብ) ላይ ስንደርስ «ተመልካች» የሚለው ቃል ያስቸግረናል። «በዓይኑ የሚያይ ሰው» ብለው ይረዱታል። ቃሉ ራሱ ያሳስታልና አልፈርድባቸውም።

ብርሃን እንደሚዘገይ ያውቃሉ። ፀሐይ ላይ የሆነ ፍንዳታ 3 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ላይ ቢታየን መቼ ሆነ ስላቸው፣ «3 ሰዓት ገደማ» ይሉኛል። ወደ አንስታይን ባቡርና ሁለቱ መብረቆች ስንሄድ ግን ነገሩ ይበላሻል። በዚህ ምሳሌ በሚሄድ ባቡር ሁለት ጫፎች ላይ መብረቅ ይወርዳል፤ መሬት ላይ ለቆመው ሰው ሁለቱ እኩል ጊዜ ላይ የሆኑ ናቸው፣ ባቡሩ መሃል ለተቀመጠችው ግን የፊተኛው ይቀድማል። «ባቡሩ ውስጥ ያለችው የፊተኛው ብርሃን ስለቀደማት ነው እንጂ፣ መዘግየቱን ብታርም ከመሬቱ ሰው ጋር ትስማማለች» ይላሉ። ብታርምም እኮ አትስማማም! ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በየጣቢያው እኩል የተስተካከለ ሰዓት እናስቀምጥ፣ ተመልካች ማለት ያ ሁሉ ሰዓት ነው ብዬ ሞከርኩ። ይሄ ገባቸው። ባቡሩም በየፉርጎው የራሱ ሰዓቶች አሉት ስል፣ «ታዲያ ሁሉም እኩል አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። የሰዓቶቹን ልዩነት የሚያሰላውን ቀመር ጻፍኩ። ቁጥሩን አወጡ፣ ሐሳቡ ግን አልገባቸውም።

ያለኝ ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ሰሌዳና 60 ተማሪ ነው። መዘግየቱ ከታረመ በኋላም ልዩነቱ እንደማይጠፋ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት ያደረገላችሁ የክፍል ሥራ የትኛው ነው?