ከጅረት ያነሳኋቸው ድንጋዮች፦ የሰው እጅ ሥራ ናቸው ወይስ የጎርፍ?

የጎንደር ልጅ፦ ሰላም ናችሁ? ባለፈው እሁድ ወደ መገጭ ወንዝ የሚወርድ አንድ ጅረት ዳር ሁለት ድንጋይ አገኘሁ። ክረምቱ ዳርቻውን ቦርቡሮታል። አንዱ ጥቁር ነው፤ መዳፍ ያህላል፤ ጎኑ የተጠረበ ይመስላል። ሌላው ሻይ የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ አውራ ጣት የምታህል ስንጣሪ ናት። ቤት ወስጄ በሽቦ ፈትጌ አጠብኳቸው። የጥንት ሰው መሣሪያ መሆናቸው በምን ይታወቃል?

ቀልደኛው፦ ጥቁሩ የመጅ ስባሪ እንዳይሆን! የምሬን ነው። መጅ ከሆነ አንድ ፊቱ ከመፍጨት ብዛት ልስልስ ይላል።

ድንጋይ ወዳጅ፦ ከስንጣሪዋ ጀምር። ድንጋይ በድንጋይ ተመቶ ሲፈለጥ፣ ከተመታበት ቦታ ሥር ትንሽ እብጠት ይቀራል። ዓይንህን ጨፍነህ በአውራ ጣትህ ዳብሳት። ከእብጠቱ ተነስቶ ደግሞ ጠጠር የተጣለበት ውሃ የመሰለ ሞገድ ይታያል። ግን በዚህ ብቻ አትፍረድ፤ ወንዝም አንዳንዴ እንዲህ አድርጎ ይፈልጣል። ዋናው ሥርዓቱ ነው። ሰው ጠርዝ ሲያሾል ጥቃቅን ፍልጦችን በአንድ በኩል ደርድሮ ነው የሚያነሳው። ጎርፍ ከዚህም ከዚያም ያጋጫል፣ ጠርዙንም ያዶለዱማል። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ኢያሱ የሠራው የባልጩት መቁረጫ ትዝ ይልሃል? ባልጩት እንደ ጠርሙስ ስለሚሰበር ስለቱ ምላጭ ነው።

የጎንደር ልጅ፦ ስንጣሪዋ እብጠት አላት! አንድ ጠርዟም እንደ መጋዝ ጥርስ ተደርድሯል። ጥቁሩ ላይ ግን የዝገት መስመር አየሁ። ስካቫተር የነካው ይሆን?

መንገድ ሠራተኛ፦ እኔን ስካቫተር ሁለቴ ሸውዶኛል። ብረት የመታው ድንጋይ ላይ ዝገት ይቀራል። አንተ ግን በሽቦ ፈትገኸዋል፤ ዝገቱ የሽቦው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን እይ። ስብራቱ ከሌላው ገላው የነጣ ወይም የደመቀ ከሆነ የቅርብ ጊዜ ነው። ደግሞ በሽቦ አትፈትግ ወንድሜ፤ ጠርዙ ላይ የነበረውን የአጠቃቀም ምልክት ያጠፋል። ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

መምህርቷ፦ አገራችን ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በመተማ በኩል ሽንፋ ወንዝ አካባቢ 74,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ጥናቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ትንንሾቹን ሹል ድንጋዮች ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። የዓሣ አጥንትና የሰጎን እንቁላል ቅርፊትም አብሮ ነበር። ያንተዎቹን ግን ጅረቱ ከየት እንዳመጣቸው አይታወቅም። ዕድሜ የሚነገረው ከድንጋዩ መልክ ሳይሆን ከተቀበረበት የአፈር ንብርብር ነው። ተመልሰህ ዳርቻውን እይ፤ አፈሩ ውስጥ የተሰካ ካለ እንዳትነቅለው። እስክሪብቶ አጠገቡ አድርገህ ፎቶ አንሳ፣ ቦታውን በስልክህ መዝግብ። ከዚያ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቅ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ መቆፈርም ያለ ፈቃድ አይቻልም።

ቀልደኛው፦ ስንት ያወጣ ነበር ልለው ስል አፌን አዘጋሽኝ።

የጎንደር ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ እመለሳለሁ፤ እስክሪብቶ ብቻ ይዤ። ሽቦዋን ለድስቱ መልሻታለሁ።